እስኪነገራችሁ ድረስ አትግለጡ

ዘውድነሽ ኪዳኑ ዳንግላ ከተማ ዳር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ወፍራም ነው። ስትቆጣ አትጮህም፤ ዓረፍተ ነገሯ እያጠረ ይሄዳል። ባልደረቦቿ ይህን ስለሚያውቁ በሦስት ቃል መናገር ስትጀምር ሻያቸውን ይዘው ከመምህራን ክፍል ይወጣሉ።

ማስተማር የጀመረችው በ1998 ዓ.ም. ጫግኒ ነው። ያኔ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ቴሌቪዥን ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ፕላዝማ ይለዋል። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይመጣል። በስክሪኑ ውስጥ ያለው መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቅና ሁለት ደቂቃ ይሰጣል። ሁለት ደቂቃው ሲያልቅ ክፍሉ መለሰም አልመለሰም «በጣም ጥሩ!» ብሎ ይቀጥላል። የክፍሉ መምህር ሥራ ማብራትና ማጥፋት ነበር።

ዘውድነሽ ሁለት ሳምንት ታገሠች። በሦስተኛው ሳምንት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘጋች፤ ሰውየው አፉን እያንቀሳቀሰ ሳለ እሷ በአማርኛ፣ ከገጠር ለመጡት ደግሞ በአገውኛ ማስረዳት ጀመረች። ራሷም እስከ አንደኛ ክፍል ድረስ ከአገውኛ ሌላ ቋንቋ አልሰማችም ነበር። በዚህ ምክንያት ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ተማሪዎቿ ደግሞ «ድምፅ አጥፊዋ» የሚል ስም አወጡላት። ያው ድምፅ አጥፊ ግን ትምህርት ካለቀ በኋላ ብቻዋን ክፍል ውስጥ ቀርታ፣ የፕላዝማውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ የሰውየውን አነጋገር እየተከተለች ታጠና እንደነበር ያየ የለም። እንግሊዝኛን አሳምራ መናገር የተማረችው ከዚያ ሳጥን ነው።

ከዓመታት በኋላ ወደ ዳንግላ ተዛወረች። ኔትወርክ ከአካባቢው በጠፋበት ዓመት ትምህርቷን በስልኳ እየቀዳች በሚሞሪ ታድል ነበር። አንዱ ተማሪ ለሌላው ይገለብጣል፣ ሌላው አገሩ ይዞት ይሄዳል። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ቃሪያ ስትመርጥ ሚሞሪ ከሚያጫውት የአንድ ጋሪ ነጂ ትንሽ ሬዲዮ የራሷ ድምፅ ሲወጣ ሰማች፤ ስለ ኃላፊ ጊዜ ግሦች ታስረዳለች። ነጂው ፈረሱን ያዝ አድርጎ «ይህቺ ሴትዮ ስታወራ ፈረሴ አይደነብርም» አላት። ማን መሆኗን አልነገረችውም።

ሠላሳ ሁለት ኮምፒውተሮች ወደ ትምህርት ቤቱ የመጡት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። በአይሱዙ ተጭነው መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ለስላሳ ተጠጣ። በሩ ላይ «የዲጂታል እንግሊዝኛ ቋንቋ ማዕከል» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። በማግስቱ የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ይሄነው መጡና ሁለት ጓጉንቸር ቁልፍ አደረጉበት። በቁልፎቹ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለጠፉ። ኮምፒውተሮቹ በእሳቸው ስም ነበር የተመዘገቡት፤ አንዱ ቢጎድል ወይም ቢሰበር የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እንዳይሰበሩ በሚያውቁት አንድ መንገድ ጠበቋቸው። ክፍሉ በሁለት ዓመት ውስጥ የተከፈተው አራት ጊዜ ሲሆን፣ አራቱም እንግዳ የመጣ ቀን ነው።

ዘንድሮ የካቲት ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናቸውን በኮምፒውተር እንደሚወስዱ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰ። ከመቶ አርባዎቹ ተማሪዎች አብዛኞቹ ማውስ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ዘውድነሽ ክፍሉ እንዲከፈት በጽሑፍ ጠየቀች። መልስ ሳይመጣ ሦስት ሳምንት አለፈ። ከዚያ ከሱቅ የልብስ ሳሙና ገዝታ፣ እያንዳንዱን ለአራት ቆርጣ ለተማሪዎቹ አደለች። ሰሌዳው ላይ ስክሪን ሣለች። ልጆቹ ሳሙናውን ዴስክ ላይ እየገፉ፣ በሌባ ጣታቸው ጀርባውን ጠቅ እያደረጉ ተለማመዱ።

«ቲቸር፣ የኔ ማውስ አረፋ አወጣ!» አለ ምህረቴ፣ የክፍሉ ቀልደኛ።

«ዝም ብለህ ጠቅ አድርግ።»

«ሁለቴ ወይስ አንዴ?»

«አንዴ።»

«ሁለቴ ካደረግሁ ሸሚዜ ይታጠብልኛል?»

ክፍሉ ሳቀ። ዘውድነሽ አልሳቀችም። ከግድግዳው ማዶ፣ አርባ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ሠላሳ ሁለት እውነተኛ ማውስ ከነፕላስቲካቸው ተቀምጠው ነበር።

በሳሙናው ያልቀለደችው ማስተዋል የምትባል ተማሪ ናት። ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ከሚያስኬድ ቀበሌ የመጣች፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ አማርኛን ራሱ ትምህርት ቤት ገብታ የለመደች ልጅ ናት። በእንግሊዝኛ ከመቶ አርባዎቹ አንደኛ ናት። የምታነበው ሁሉ እንደ ሕግ ነው፤ መመሪያው «አስምሩ» ካለ ታሰምራለች፣ «ክበቡ» ካለ ትከብባለች፤ ሌሎች ልጆች መመሪያውን ዘለው ወደ ጥያቄው ሲሮጡ እሷ መመሪያውን ሁለት ጊዜ ታነባለች። እንዲህ እንድታነብ ያስተማረቻት ዘውድነሽ ናት።

በሚያዝያ አጋማሽ የመጀመሪያው ሞዴል ፈተና እንጅባራ ላይ በኮምፒውተር ተሰጠ። ከትምህርት ቤቱ ለመጀመሪያው ዙር የተመረጡ ስልሳ ልጆች ሄዱ። ጧት ጭጋጉ ስላልተነሣ ልጆቹ እጃቸውን በብብታቸው ሥር እያሞቁ ገቡ። ዘውድነሽ ግቢው በር ላይ ቀረች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲወጡ ምህረቴ ከሩቅ አውራ ጣቱን አሳያት። ማስተዋል ከመጨረሻዎቹ ጋር ወጣች።

ኮምፒውተሩ ውጤቱን ፈተናው እንዳለቀ ያሳያል። አውቶቡስ ውስጥ ከጎኗ አስቀመጠቻት።

«ስንት አገኘሽ?»

«ዜሮ፣ ቲቸር።»

«አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም። ገጹ አልተገለጠም።»

«አልተገለጠም ማለት?»

«ግለጡ አላሉንማ።»

ዘውድነሽ መጀመሪያ አልገባትም። ልጅቷ ዝግ ብላ አስረዳቻት። ፈተናው ሲከፈት የመጀመሪያው ገጽ ላይ የፈተናው ስም፣ የጥያቄው ብዛትና የተሰጠው ሰዓት ነበር። ከሥሩ ደግሞ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «እስኪነገራችሁ ድረስ ይህን ገጽ አትግለጡ» ይላል። ከወረቀቱ ፈተና ሽፋን ላይ እንዳለ ተገልብጦ የመጣ ነው። በወረቀቱ ጊዜ ፈታኙ ሰዓቱን አይቶ «ግለጡ» ይላል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገልጣል። እዚህ ግን ክፍሉ ውስጥ የነበሩት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ነበሩ። ሥራቸው ስክሪን ሲጠፋ ማብራት ስለነበረ «ግለጡ» ያለ ሰው የለም።

«እጅሽን አላወጣሽም?»

«አወጣሁ። ሰውየው መጣና ‹አትረብሺ፣ ሥሪ› አለኝ። ‹ምን ልሥራ?› አልሁት። ‹ፊትሽ ላይ ያለውን› አለኝ። ፊቴ ላይ ያለው አትግለጡ ይላል።»

«ከዚያስ?»

«ጠበቅሁ።»

«ሁለት ሰዓት?»

«ሁለት ሰዓት።»

ከኋላ ወንበር ምህረቴ አንገቱን አስገባ። «እኔ አርባ ሁለት አገኘሁ! ያን ጽሑፍ መች አነበብሁት? ‹ቀጥል› የሚል አየሁ፣ ተጫንሁት።»

«አንተማ ምን ታነባለህ» አለችው አንዷ።

«ያነበቡትን አየናቸዋ!»

ዳንግላ እስኪደርሱ ዘውድነሽ አንድ በአንድ ጠየቀች። እንደ ማስተዋል ቁጭ ብለው የጠበቁ አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። የአሥራ አንዱንም ውጤት በቃሏ ታውቀዋለች፤ የክፍሉ ምርጥ አንባቢዎች ናቸው። እንግሊዝኛ የማያነቡት አልፈው ሄደዋል። ያነበቡት ዜሮ አግኝተዋል። ኮምፒውተር አንድ ቀን እንኳ ነክተው ቢሆን ኖሮ ስክሪን የሚገለጠው በራስ እጅ መሆኑን፣ ፈቃድ እንደማይጠበቅ ያውቁ ነበር።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። ስሙ እንግዳው ነው፤ ጫግኒ ላይ ካስተማረቻቸው የመጀመሪያ ተማሪዎች አንዱ ነው። አለቃዋ ከሆነ አምስት ዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ እሷን ሲያይ ከወንበሩ ግማሽ ያህል ይነሣል።

«ክፍሉ ይከፈት» አለችው።

«ቲቸር፣ እኔ ምን ከፋኝ? ቁልፉ ጋሽ ይሄነው ዘንድ ነው።»

«የማን አለቃ ነህ?»

«የሳቸው ነኝ። ንብረቱ ግን በስማቸው ነው። ክፈቱ ብዬ አንዱ ቢሰበር ‹ማን ፈቀደ?› የሚባለው ማን ነው?»

«አሥራ አንድ ልጅ ዜሮ አግኝቷል።»

«ሞዴል ነው እኮ! ሞዴል ማለት መለማመጃ ማለት ነው።»

«በምን ነው የተለማመዱት? በሳሙና?»

እንግዳው የሳሙናውን ነገር ሰምቶ ነበር። «እሱን እንኳ በሪፖርት ውስጥ አስገብቼዋለሁ» አላት። «በአካባቢ ቁሳቁስ የተደገፈ የዲጂታል ትምህርት ብዬ።»

ዘውድነሽ ወጥታ በቀጥታ ወደ ንብረት ክፍል ሄደች። አቶ ይሄነው ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ወጣት ሳሉ በስማቸው የተመዘገበ አንድ የወረቀት ማባዣ ተሰብሮ፣ ስማቸው ከዚያ ማሽን እስኪፋቅ ስድስት ዓመት ቢሮ ለቢሮ ተመላልሰዋል። ያን ጊዜ የተመላለሱባቸውን ቢሮዎች በሮች ቀለም ሳይቀር ያስታውሳሉ።

«ጋሽ ይሄነው፣ ይክፈቱልኝ።»

«አይሆንም፣ ዘውዴ።»

«ልጆቹ ወደቁ እኮ!»

«ልጅ ይወድቃል፣ ይነሣል። ኮምፒውተር ወድቆ አይነሣም።»

«አቧራ እየበላቸው ነው።»

«ይብላቸው። አቧራ አይሰርቅም።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

አቶ ይሄነው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «እኔ አላመጣኋቸውም» አሏት።

ሚያዝያ አለቀ። ግንቦት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ እንግዳው ራሱ መምህራን ክፍል ድረስ መጣና ከዘውድነሽ ጎን ተቀመጠ። ከሌሎች ወረዳዎች የሚመጡ አሥራ ሁለት እንግዶች ትምህርት ቤቱን ይጎበኛሉ። የማዕከሉ አሠራር «ምርጥ ተሞክሮ» ተብሎ ተመርጧል፤ ይቀመራል፣ ወደ ሌሎች ይሰፋል።

«የቱ አሠራር?» አለች።

«ቲቸር፣ እባክዎን። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ያስተምሩላቸው። ሃያ ልጅ ይምረጡ፤ ዩኒፎርማቸው ያልተቀደደ። ጋሽ ይሄነው ይከፍታሉ።»

«እሺ» አለች ዘውድነሽ። ርዕሰ መምህሩ እሺታዋ ስለፈጠነበት ሲወጣ ሁለት ጊዜ ዞሮ አያት።

አሥራ አንዱን ልጆች መረጠች፤ ዘጠኝ ጨመረችበት። ለልምምድ ተብሎ ከእንጅባራ በፍላሽ የተላከውን ሞዴል ፈተና ማለዳ ገብታ በሃያ ኮምፒውተር ላይ ጫነች። ልጆቹን በር ላይ አስቁማ «እንጅባራ ላይ ያደረጋችሁትን አድርጉ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ማንም እንዳያልፍ» አለቻቸው።

«አሁን እኮ አውቀነዋል፣ ቲቸር» አለች ማስተዋል።

«አውቃለሁ። አንዴ ብቻ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

ማስተዋል ቀድማ ገባች።

እንግዶቹ ገብተው በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። ሃያ ስክሪን በራ። ሃያው ላይ ያው ገጽ፣ ያው ትልልቅ ፊደል። ልጆቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሦስት ደቂቃ አለፈ። ፎቶ የሚያነሣው ወጣት አቋቋሙን ቀየረ። ርዕሰ መምህሩ በዓይኑ ዘውድነሽን ፈለገ፤ እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ ወደ ውጭ ታያለች። በሰባተኛው ደቂቃ የእንግዶቹ መሪ፣ ኮት የለበሱ ደልዳላ ሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መምህርት፣ ለምን አይጀምሩም?»

«ራስዎ ይጠይቋቸው።»

ሰውየው ወደ ማስተዋል ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ለምን አትጀምሪም?»

«አልተነገረኝም» አለች ማስተዋል ቀና ሳትል።

ሰውየው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ፊታቸው በራ። ወደ ባልደረቦቻቸው ዞረው «አያችሁ?» አሉ። «አያችሁ ሥነ ሥርዓት! ሳይፈቀድላቸው ምንም አይነኩም። የኛ ልጆች ቢሆኑ እስካሁን ግማሹን ነቃቅለውት ነበር።»

አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ። ሌሎቹ ተከተሉ። ወጣቱ የማስተዋልን የተጣመሩ እጆች ከቅርብ ፎቶ አነሣ።

«ይህቺ ልጅ ዜሮ አግኝታለች» አለች ዘውድነሽ። «በዚህ ምክንያት። አንደኛ ናት።»

ጭብጨባው ገና አላለቀም ነበር። መሪው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይስተካከላል፣ ይስተካከላል። መሠረቱ ሥነ ሥርዓት ነው።»

«ምሳ ቀርቧል» አለ ርዕሰ መምህሩ፤ በሩን ይዞ ቆመ። ክፍሉ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከእንግዳ ጸዳ።

ማስተዋል ደብተሯን አነሣች።

«ተቀመጪ፣ አልጨረስንም» አለች ዘውድነሽ።

«እኔ ጨርሻለሁ። ለሰው አሳዩኝ አይደል? ፎቶም ተነሣሁ።»

«ማስተዋል!»

«ዜሮ ማግኘቴን እኮ ከዚህ ግቢ ውጭ የሚያውቅ አልነበረም። አሁን አሥራ ሁለት ወረዳ አወቀው።» ወጣች። በሩን አላጋጨችም፤ ቀስ ብላ መለሰችው።

አቶ ይሄነው ቁልፎቻቸውን አንጠልጥለው የገቡት ይህን ጊዜ ነው።

«በሉ ልጆች፣ ውጡ።»

«ማንም አይወጣም» አለች ዘውድነሽ። ከፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ገጹን ግለጡ። ሥሩ።»

አሥራ ዘጠኝ ጣት አንድ ላይ ጠቅ አደረገ።

«ዘውዴ፣ ልቆልፍ ነው።»

«ይቆልፉ።»

«እናንተ ውስጥ ሆናችሁ?»

«እኛም ንብረት ነን። ይመዝግቡን።»

ምህረቴ ሊስቅ አፉን ከፍቶ የመምህርቷን ፊት አየና ዘጋው። አቶ ይሄነው ደፉ ላይ ተቀመጡ። ቁልፎቹን ጭናቸው ላይ አኖሩና ልጆቹ በነኩ ቁጥር የሚነካውን ዕቃ በዓይናቸው ይከተሉ ጀመር። አሥር ሰዓት ሲሆን ርዕሰ መምህሩ እንግዶቹን ሸኝቶ መጣ።

«ቲቸር፣ ይህ ምንድን ነው? በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ጥሩ ስም አይሰጠውም።»

«ትምህርት ነው። ስሙ እሱ ነው።»

«ነገ እንነጋገራለን። አሁን ይውጡና ይቆለፍ።»

«ነገ ይዘጋል። አውቀዋለሁ።» ተነሣች። «በስሜ ይዙር።»

«ምኑ?»

«ሠላሳ ሁለቱም። ከሳቸው ስም ወደኔ ስም። ዛሬ።»

አቶ ይሄነው ከደፉ ላይ ብድግ አሉ። እንግዳው ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የዘውድነሽ ባለቤት ዓለምነው እንጅባራ ላይ ነው የሚሠራው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አርብ ማታ እየሄደች እሑድ ማታ ትመለሳለች። የዝውውር ጥያቄዋ ዘንድሮ ተራ ደርሶታል፤ ስሟ ሦስተኛ ላይ ወጥቷል። ለመዛወር ግን እስከ ሰኔ ሠላሳ ከትምህርት ቤቱ ንብረት ነጻ መሆኗን የሚያረጋግጥ ክሊራንስ ማቅረብ አለባት።

«ሠላሳ ሁለት ኮምፒውተር በስምዎ ይዘው ማን ክሊራንስ ይሰጥዎታል? ከርስዎ የሚረከብ ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ ያለ ይመስልዎታል?»

«የለም።»

«ታዲያ?»

«ወረቀቱን ያምጡ» አለች አቶ ይሄነውን።

የመለያ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መጻፍ እስኪመሽ ወሰደ። አቶ ይሄነው በእያንዳንዱ ገጽ መጨረሻ ብዕራቸውን ያነሣሉ፣ «አስቢበት፣ ልጄ» ይላሉ። «እኔ ማባዣዋን ስፈርም እንዳንቺ ደፋር ነበርሁ።»

«አስቤ ነው የተናደድሁት» አለቻቸው፤ ፈረመች። አቶ ይሄነው ሁለቱን ቁልፎች እጇ ላይ ሲያስቀምጡ ፊታቸው ላይ የታየው ዕፎይታ በጣም ስላበሳጫት ደኅና እደሩ ሳትላቸው ሄደች።

ዓለምነው በስልክ ሲሰማ «ለእኔስ ስንት ኮምፒውተር ሲሆን ነው የምትፈርሚልኝ?» አላት። ቁጣው ተገቢ ነበር፤ ያ ደግሞ የእሷን ቁጣ አላበረደውም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት መቶ አርባውን ልጆች በአምስት ፈረቃ ከፈለች። መብራት በሄደ ጊዜ ይቆማሉ፣ በመጣ ጊዜ ይገባሉ። የምታስተምረው ሳሙናው ያላሳያቸውን ነበር፤ ጽሑፉ ከስክሪኑ በታች እንደሚቀጥል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መልስ መቀየር እንደሚቻል፣ ኮምፒውተሩ ሲያሳስት እጅ ማውጣት ብቻ ሳይሆን ቆሞ መናገር እንደሚገባ። በአራተኛው ቀን አንድ ልጅ ሲነሣ እግሩ ገመድ ጠለፈ። ስክሪን ወደቀ፣ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

«አትንኩ!» አለች ዘውድነሽ።

በአንድ ጊዜ እጅ ሁሉ ከኪቦርድ ተነሥቶ ጭን ላይ አረፈ። የወደቀውን ሊያነሣ የጎነበሰውም ልጅ እንደ ጎነበሰ ቆመ። ማንም ቀና አላለም። ዘውድነሽ ሠላሳ የሚሆኑ የተጣመሩ እጆችን አየች፤ ይህን ያመጣው የራሷ አፍ ነው። ጥርሷን ነከሰች።

«ንኩ» አለች ቀስ ብላ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። «ንኩ አልኩ! የተሰበረው የኔ ነው። ቀጥሉ!»

ማስተዋል የመጣችው በስድስተኛው ቀን ነው። ሰላምታ አልሰጠችም፤ ጥግ ላይ ተቀምጣ ፈተናውን ከፈተች፤ የመጀመሪያውን ገጽ አለፈች። አንድ ሰዓት ሠራች። ፈረቃው አልቆ ሌሎቹ ሲወጡ ወንበሯ ላይ ቀረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ቲቸር?»

«ጠይቂ።»

«ሁለት ወር በሳሙና ሲያስተምሩን ይህ ገጽ እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ለምን?»

ዘውድነሽ ሌላ ሰው ቢጠይቃት ልትሰጥ የምትችለው መልስ ነበራት፤ ቁልፉ፣ ደብዳቤው፣ ሦስቱ ሳምንት። «አልጠየቅሁም» አለች። «እንጅባራ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ፈተናው ምን እንደሚመስል አሳዩኝ ማለት እችል ነበር። በቁልፉ ስናደድ ረሳሁት።»

«ለእንግዶቹስ ለምን እኔን?»

«ከሁሉም አንጀት የምትበይው አንቺ ስለሆንሽ።»

«አንጀት አልበላም» አለች ማስተዋል፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከሐዘን የመጣ አይመስልም። «አንደኛ ነኝ።»

«ነሽ። አጠፋሁ።»

ልጅቷ ይቅር ማለቷንም አለማለቷንም አልተናገረችም። በማግስቱ ግን ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መጣች።

ዘውድነሽ ስለዚያ ገጽ ፈተናውን ወዳዘጋጀው ክፍል ሁለት ደብዳቤ ጻፈች፤ አንዱን ራሷ እንጅባራ ወስዳ አስፈርማ ሰጠች። የተቀበላት ልጅ «ይታያል» አላት። ግንቦት ሃያ ሰባት ሁለተኛው ሞዴል ፈተና ሊሰጥ ልጆቹ ከብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆች ጋር እዚያው እያደሩ ሊፈተኑ ለሦስት ቀን እንጅባራ ገቡ። ዘውድነሽ በዚያ ቀን የዘጠነኛ ክፍል ክፍለ ጊዜ ስለነበራት ዳንግላ ቀረች። ሰባት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ፤ ልጆቹን ይዞ በሄደው መምህር ስልክ የምትደውለው ማስተዋል ናት።

«ስልሳ ስምንት ከሰማንያ» አለች።

«ገጹስ?»

«አለ። እንዳለ ነው። አንድ ፊደል አልቀየሩትም።»

«ሁለት ደብዳቤ» አለች ዘውድነሽ።

«አለፍሁት እኮ፣ ቲቸር። የኛዎቹ ሁሉም አልፈውታል።» ከዚያ ድምፅዋን ቀነሰች። «ከጎኔ ግን አንድ ልጅ ነበረች። የሌላ ትምህርት ቤት ናት፤ ቡናማ ሹራብ ለብሳለች። እጇን አጣምራ ተቀምጣ ነበር። እስክንወጣ ድረስ።»

«ነገርሻት?»

«መነጋገር ክልክል ነው፣ ቲቸር።»

«ከወጣችሁ በኋላስ?»

«ሰው በዛ፣ ጠፋችብኝ።»

«ነገ ሌላ ፈተና አለ። በዚያው ገጽ ነው የሚጀምረው። ሂጂ ፈልጊያት።»

«ስሟን አላውቅም። ስንት ትምህርት ቤት አለ እዚህ፤ በምን አገኛታለሁ?»

«በሹራቧ። በየመኝታ ክፍሉ ግቢና ‹እንግሊዝኛ ዜሮ ያገኛችሁ እነማን ናችሁ?› በይ።»

«ማን እኔ ነኝ ይላል? እኔ ብሆን አልልም።»

ዘውድነሽ ከመምህራን ክፍሉ ወጥታ ግቢው መሐል ቆማ ነበር። እዚህ ሥራ ከጀመረች ወዲህ ስትጮህ የተሰማችው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ዘበኛው ከበሩ ቤት ብቅ ብሎ አየ።

«እንግዲያው አንቺ ቀድመሽ ተናገሪያ! ‹እኔ ዜሮ አግኝቼ ነበር› በያቸው! ቆመሽ፣ ጮክ ብለሽ!»

ከወዲያ በኩል የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«በአገውኛም ልበለው?» አለች ማስተዋል።

«በሁለቱም በይው። ስልኩን ስጪና ሂጂ፤ አሁኑኑ!»